የእትዬ የክርስትና ስም

ለቀብር ሄጄ ልቤ እንደዚያ ቀን ሲዘል አላውቅም። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። አስከሬኑ አፈር ሳይቀምስ እኔ በሚኒባስ መስኮት አንገቴን አውጥቼ «ንዳው እንጂ!» እያልሁ እጮህ ነበር። የሚታዘበኝ ይታዘበኝ። እትዬን የሚያውቅ ግን ይፈርድልኛል።

እትዬ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ነበሩ። የሥራ መደባቸው በወረቀት ላይ ረዥም መጠሪያ ነበረው፤ አስተዳደር የሚል ቃልም ነበረበት። ግን ማንም አይጠራቸውም በሱ። ለተማሪው እትዬ፣ ለመምህሩም እትዬ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ረስተው እትዬ አሏቸው ይባላል። እዚያች በር አጠገብ ያለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀምጠዋል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሁለት ዓመት፣ ቢበዛ በሦስት ዓመት ይቀየራል። ይመጣል፣ መጋረጃ ያስቀይራል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ይሄዳል። እሳቸው ግን አሉ።

አንዱ አዲስ ኃላፊ፣ እትዬ የዓመት ፈቃድ ወስደው ወንድማቸውን ለመጠየቅ ላስታ በሄዱ ጊዜ፣ «ሁለት ሳምንት ቢጠፉ ምን ይጎድላል» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሦስተኛ ዓመቶቹን ውጤት በእኛ በሁለተኛ ዓመቶቹ ሰሌዳ ላይ አስለጠፈ። ባልተማርነው ኮርስ ኤ አግኝተን በኮሪደሩ ላይ ተቃቀፍን። አንዱማ እናቱ ዘንድ ደውሎ አበሰረ። እትዬ ፈቃዳቸውን አቋርጠው በአውቶቡስ ተመለሱ፤ ከነሻንጣቸው መጥተው ሰሌዳውን ገነጠሉና ኤአችንን በሙሉ ቀሙን። ያ ኃላፊ ከዚያ በኋላ እትዬ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እንኳ ልቡ ይፈራ ነበር።

እትዬ ዘንድ ተማሪ ቁጥር የለውም። ሌላው ቢሮ ሁሉ የመታወቂያ ቁጥርሽን ነው የሚጠይቅሽ። እሳቸው በመጀመሪያው ሳምንት ስምሽን ከነአባትሽ ከነአያትሽ ይይዙና ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ላይ በሦስቱም ይጠሩሻል። አያቴ ስማቸው እንደዚያ ጮክ ብሎ የተጠራው በሕይወት ሳሉም አይመስለኝም። ክፍል ከቀረሽ አያትሽ ጭምር ይወቀሳሉ።

ቁጣቸው ደግሞ! ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ካፌው ድረስ ይሰማል። ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት፣ ማስቲካሽን ትፊ፣ ይህን ቅጽ የሞላው ሰው ነው ወይስ ዶሮ? ብቻ እንዲህ ይሁን እንጂ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን «ነገ ተመለስ» ሲሉ የሰማቸው የለም። ይህን ለመረዳት መንግሥት ቢሮ ደጅ የጠና መሆን ያስፈልጋል።

እኔም ቁጡ ነኝ። ጂኦግራፊ ልማር ከላሊበላ የሄድሁ ጊዜ ደግሞ ባሰብኝ። አንደኛ ዓመት ላይ የኮርስ መመዝገቢያው ቀን አለፈኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማስታወቂያው አፍንጫዬ ሥር ተለጥፏል። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እትዬ ቢሮ ገባሁና «ለምን አትነግሩንም?» ብዬ ጮህሁባቸው። እሳቸውም ተነሥተው ጮሁብኝ። እኔ መለስሁ፤ እሳቸው መለሱ። አንድ መምህር ሊገላግል በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው። ሁለታችንም ሲደክመን ቅጹን ከእጄ ነጥቀው ከፊት ከፊቴ እየሄዱ ሬጅስትራር ድረስ ወሰዱኝ። መስኮቱን በቁልፋቸው አንኳኩተው፣ «ይቺ ጥጋበኛ የኔ ናት፤ መዝግቧት» አሉ።

የኔ ናት። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ የኔ ናት ያለኝ ሰው አልነበረም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

እንግዲህ እኒህ ሴት ናቸው የሞቱት። ጡረታ ከወጡ ዓመት አልሞላቸውም። ታመሙ ሲባል ሰማን፤ ሄደን እንጠይቃቸው ስንባባል አረፉ ተባለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔ አሁን ላሊበላ አስተምራለሁ። የተመራቂዎች የቴሌግራም ቡድን አለን፤ በሌላ ጊዜ ቀልድና የልደት ኬክ የሚላክበት ነው። የዚያን ቀን ግን ስልኬ ሲንጫጫ አመሸ። ኑዛዜያቸው ከእናታቸው ጎን ቅበሩኝ የሚል ነበር፤ የትውልድ ቦታቸው ከገነተ ማርያም አልፎ ያለች ትንሽ አጥቢያ ናት። ከየአቅጣጫው እመጣለሁ፣ እመጣለሁ ይባባላል። መንገዱ ይከፈታል አይከፈትም ይባባላል። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ማን ይመጣላቸዋል ብዬ ነበር እኔ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሲደርሱ ብታዩ! አስከሬኑን የያዘው ሚኒባስ ከፊት፣ ከኋላው መኪና በመኪና። ሚኒባሱን የሚነዳው የመርሳ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ነጋዴ ሆኗል፤ «እትዬን ሌላ ሰው አይነዳቸውም» ብሎ ሌሊቱን መንገድ ላይ አደረ። ከአሥር ዓመት በላይ ያልተያየን ሰዎች እየተቃቀፍን አለቀስን፤ ወዲያው ደግሞ እየተያየን ሳቅን። አንዱ ከፀጉሩ ግማሹ የለም። ሌላው የዞን ባለሥልጣን ሆኖ ሁለት ስልክ ይዟል። ሬሳ ሳጥኑ ከመኪናው ሲወርድ ያ ባለሥልጣን ሳይታወቀው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ሲከት አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ዞር አልሁ።

ጾም ነው፤ ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍትሐት ተደርሶ ይቀበራሉ። እትዬ ያላቸው ዘመድ አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው የሚያርሱ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። የአጥቢያው ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ይዘው ቀረቡና ሲጠይቋቸው አጠገባቸው ነበርሁ።

«ስመ ክርስትናዋን ንገረኝ።»

ወንድምየው መሬት መሬት አዩ። ከዚያም አላውቀውም አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

ለማያውቅ ልንገር። ሰው በዓለም የሚጠራበት ስም አለው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ግን ሲጠመቅ የወጣለትን ነው። ሲቆርብ በሱ ነው፤ ሲሞትም ፍትሐቱ የሚደረስለት በሱ ነው። ያገራችን ሰው ደግሞ ይህን ስም ለማንም አያወራውም፤ ክፉ ሰው ሰምቶት ድግምት ይሠራበታል ይባላል። እናትና የንስሐ አባት ካወቁት ይበቃል። የእትዬ እናት ሞተዋል። ክርስትና ያነሷቸውም ሞተዋል። የንስሐ አባታቸው ዓምና አርፈዋል። ወንድምየው በብዙ ዓመት ያንሷቸዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እቴ ብለው እንጂ በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም። እኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ተምሬያለሁ ባይ፣ የጠየቅናቸው የለም።

ቄሰ ገበዙ ክፉ ሰው አይደሉም። ቅዳሴው እስኪወጣ ፈልጉ አሉን። ካልተገኘ ግን «አመትከ» ብለን እናልፈዋለን አሉ፤ ባሪያህ ማለት ነው። «እግዚአብሔር ያውቃታል።»

እግዚአብሔርማ ያውቃቸዋል፤ ምኑ ይጠፋዋል! ያላወቅን እኛ ነን። ደሜ ፈላ። እኒያ ልጅን በቁጥር መጥራት ነውር ነው ብለው የኖሩ ሴት፣ የስንቱን አያት ስም ሲጠሩ ያረጁ ሴት፣ የራሳቸው ስም ጠፍቶ ባሪያህ ተብለው ሊሸኙ ነው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእትዬ ስም ግን መቃብሩ ተቆፍሮ ሳያልቅ ጠፋ። ወንድምየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። ለሳቸው ሐዘኑ አንሶ እፍረት ተጨመረባቸው።

«ፈልጉ ተብለናል፤ እንፈልግ» አልሁ። እንዴት እንደሚፈለግ ግን አላውቅም።

እዚያ ኔትወርክ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ከተወጣ አንዳንዴ ይመጣል አሉን። ሱፍ የለበሰው፣ ተረከዙ ረዥም ጫማ ያደረገችው፣ ሁሉም ጉብታውን ተያያዘው። ለቀስተኛው አገሬው ቆሞ ያየናል። ምን ይበል? የከተማ ሰው ሬሳ ጥሎ ተራራ ሲወጣ።

ከኛው አንዷ ዩኒቨርሲቲው የሰው ኃይል ቢሮ ትሠራለች፤ ደወልንላት። የእትዬን ፋይል አወጣች። የሁላችንን ፋይል በየዓመቱ በየፊደሉ የደረደሩ ሴት በራሳቸው ፋይል ውስጥ ያለው የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤና የጡረታ ደብዳቤ ብቻ ነው። ዕድራቸውም ተጠየቀ፤ እዚያ ያለው የዓለሙ ስም ነው። የሚያስቀድሱበት ደብር አስተዳዳሪ ስልክ ተገኘ፤ ተደወለ፤ አይነሣም። እኔ ጉብታው ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ባለሥልጣኑ በሁለቱም ስልኮቹ አውርቶ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ጠጋኝና፣ ለምን ወለተ ማርያም አንልም፣ ብዙ ሴት ወለተ ማርያም ናት፣ አለ።

«ሎተሪ መሰለህ እንዴ?» አልሁት። በእትዬ ድምፅ ነው የወጣልኝ። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የመርሳው ጓደኛዬ ከኛ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። እሱ ሙስሊም ነው፤ በዚህ ነገር አልገባም ብሎ ዝም ብሏል። አሁን ግን ተነሥቶ መጣና፣ ወረቀቱስ አለኝ። የምን ወረቀት? «አንቺ አልነበርሽ የምትወስጂው? የናንተን ስም ለቄሱ ይልኩ ነበር፤ የኛን ለሼኪ።»

ግንባሬን በጥፊ መታሁ።

እውነቱን ነው። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላስታ የሚሄድ ተማሪ ከተገኘ እትዬ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይሰጡታል። እሳቸው በውጤትና በምዝገባ ተወጥረው መሄድ ስለማይችሉ ነው። በወረቀቱ ላይ የዚያ ዓመት የተቸገሩ ተማሪዎች የክርስትና ስም ከነችግሩ ይጻፋል፤ ለመባረር የደረሰ፣ አባት የሞተበት፣ የምትታመም። ላሊበላ ውስጥ ላሉ አንድ አባት ይሰጣል፤ እሳቸውም ዓመቱን ሙሉ ይጸልዩላቸዋል። የሙስሊሞቹ ስም ደግሞ ለግቢው ዘበኛ፣ ሼኪ ለምንላቸው ሰውዬ ይሰጣል፤ እሳቸውም ዱዓ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም። እኛ «የእትዬ ሁለተኛው ሬጅስትራር» እያልን እንስቅ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ወረቀቱን አድርሻለሁ፤ ስመረቅ ለሌሎች ተላለፈ። ከፍቼ አንብቤው አላውቅም፤ የሰው ገመና ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል።

እኒያ አባት እትዬን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም፤ ሰው ነው ያገናኛቸው። የእትዬን ስም ያውቁት ይሆን? አላውቅም። ብቻ ሌላ መንገድ የለም። ስልክ የላቸው፤ ካለም እዚህ አይገባ። የመርሳው ልጅ የመኪና ቁልፉን አውጥቶ «አብሽሪ፣ እንሂድ» አለኝ። ቅዳሴው ተጀምሯል።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አልነግራችሁም፤ እናቴ ታነብበዋለች። ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ከፊት ያለውን አያሳይም። ከሙጃ ገበያ እህል ጭኖ የሚመለስ አይሱዙ መሃል መንገድ ይዞ አላሳልፍ ቢለን አንገቴን አውጥቼ ሹፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ወረድሁበት። ጓደኛዬ ይስቃል። አራተኛ ዓመት ሳለን ልንባረር የደረስንበትን ፈተና ያስታውሰኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ወዲያው ሰዓቴን አይና «ንዳው እንጂ!» እላለሁ።

ላሊበላ ስንገባ መኪና የማይገባበት ሰፈር ደረስን። ወርጄ ሮጥሁ። ለቅሶ የለበሰች ሴት ድንጋይ ለድንጋይ ስትሮጥ ያየ ሁሉ «ምነው፣ ምነው?» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ቁልቁል ተንከባለለ፤ ተመልሼ አነሣሁት።

አባ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ጥላ ነው የሚለየው። መስቀል ተሳለምሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ማን ነሽ አሉኝ፤ ነገርኋቸው። የማን ልጅ? ነገርኋቸው። እናትሽ ደኅና ናት? ደኅና ናት አባ። አባትሽስ እግሩን እንዴት አደረገው? ተሻለው አባ። ጾሙን እንዴት ይዛችሁታል? እኔ በውስጤ እየነደድሁ ነው። እንዲህ ያሉትን አባት ማቋረጥ ደግሞ አይቻልም። ሰላምታው ሲያልቅ አንድ ትንፋሽ ወሰድሁና ስለ ወረቀቱ ጠየቅሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው፣ የተማሪዎቹ ስም ያለበት።

ፊታቸው በራ። ከተቀመጡበት መደብ ራስጌ የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ። የቆዳው ከረጢት ከዳዊቱ ይልቅ በወረቀት ተወጥሯል። የሁሉም ዓመት አለ፤ አንዱም አልተጣለም። እኔ ያመጣኋቸውም እዚያ ውስጥ አሉ። የእትዬ ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፤ የሰው ገመና እንኳ በሰንጠረዥ ነው የጻፉት። ስፈታው አባ በራሳቸው ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

«የሌሎቹ ስም በየዓመቱ ይለወጣል» አሉ። «አንዲቷ ግን አትለወጥም። ከግርጌ ነው የምትመጣ። ስንት ዓመት ሙሉ አላለፈችም! ምን ዓይነት ትምህርት ቢሆን ነው እያልሁ አዘንሁላት። ለሷ ለብቻዋ ስግደት ጨመርሁላት።»

ወደ ግርጌው አየሁ። አንድ የሴት የክርስትና ስም አለ። ሁለተኛውን ወረቀት ገለጥሁ፤ ያው ስም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ ያው ስም፣ ያው ቦታ።

«ደሞኮ ልጆችም አሏት» አሉ አባ። «ልጅ እያሳደገች በምን ጊዜዋ ታጥና?»

ከስሙ ጎን፣ ችግሩ በሚጻፍበት ረድፍ፣ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል። «ልጆቿን እንዳትቆጣ ትዕግሥት እንዲሰጣት።»

ሳቄ ቀደመ። እውነት እላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ያ ሁሉ ዓመት ተጸልዮላቸው፣ ያ ሁሉ ስግደት ተሰግዶላቸው ሲጮሁብን መኖራቸው! ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ተበጠሰና መደቡ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስሁ። እትዬ አልወለዱም። ልጆቿን ያሉት እኛን ነው። በቁጣቸው ስንቀልድ፣ ስንኮርጃቸው፣ እሳቸው በየዓመቱ ቁጣቸውን ከተባራሪና ከሐዘንተኛ ተራ አስገብተው፣ ራሳቸውን ከሁሉ በታች ጽፈው መድኃኒት ይለምኑ ነበር።

ለአባ ነገርኋቸው። ተማሪ አይደሉም፤ ጽፈው የሚልኩት ራሳቸው ናቸው፤ ትናንት አርፈው ዛሬ ያለዚህ ስም ሊቀበሩ ነው አልሁ። አባ መዳፋቸውን ወረቀቶቹ ላይ አሳርፈው፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስሟን ከሕያዋን መሃል አውጥቼ ከሙታን ጋር እጠራታለሁ አሉ። ከዚያ ግን፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ!» አሉኝ።

ስሙን እስክንደርስ ድረስ በአፌ እየደጋገምሁ ሄድሁ። ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ እንዳይጠፋኝ እፈራለሁ፤ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? ጓደኛዬም «አንዴ ንገሪኝ፤ ብንገለበጥ አንዳችን እናድርሰው» አለኝ። ነገርሁት። እየነዳ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ስንደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። ሳጥኑ ከግቢው ዛፍ ሥር ነው፤ ካህናቱ ዙሪያውን ቆመው ጀምረዋል። ሰው እንደ አጥር ቆሟል። በክርን ገፍቼ ገባሁ። ሴት ልጅ በፍትሐት መሃል ካህናት ጋ እየተጋፋች ስትሄድ ማንም አይወድም፤ አንዲት ባልቴት ነጠላዬን ያዙኝ፤ ነጠላውን ተውሁላቸውና አለፍሁ። ቄሰ ገበዙ ጆሮ ላይ ስሙን ተናገርሁ፤ ወረቀቱን አሳየሁ። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀና ብለው በዜማው ቀጠሉ፤ ስሙ ሲደርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት።

እዚህ አልጽፈውም። ለእንዲህ ዓይነቱ የወጣ ስም አይደለም። ብቻ እንዴት እንደተሰማ ልንገር። ወንድምየው ከተቀመጡበት ተነሥተው ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ባለሥልጣኑ ባደባባይ አነባ። ካህናቱ እየተቀባበሉ ደጋግመው ጠሩት፤ በጠሩት ቁጥር ሰውነቴን ይወርረኛል። በዓለሙ ስማቸው አንጠራቸው፣ በክርስትናው አናውቃቸው፤ እትዬ፣ እትዬ ብለን ኖረን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስማቸውን ሰማን። ደስ አለኝ። በሐዘን መሃል ደስ ይላል እንዴ? ይላል። በጣም ደስ አለኝ።

አፈሩ ገብቶ፣ ሰዉ ለስንብት ሲቆም፣ ቄሰ ገበዙ አንድ ሰው መዝገብ አስይዘው መጡ። ለአርባ ቀኑ ጸሎት ስሟን እንያዝ አሉ፤ ያዙ። ከዚያ የአርባዋን ነገር የሚያስብላት ማን እንደሆነ ለማወቅ ወንድምየውን ጠየቁ።

«ልጆች አሏት?»

ወንድምየው እንደገና አንገታቸውን ሊደፉ ሲሉ አየኋቸው። አላስጨረስኋቸውም።

«አለን» አልሁ።

ከኋላዬ ባለሥልጣኑ አለን አለ። የመርሳው ልጅ ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ አለን አለ። ግቢው ውስጥ የነበርነው ሁሉ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ። መዝገብ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ቄሰ ገበዙም ዙሪያቸውን አዩና ግራ ገባቸው።

«ስንት ናችሁ?» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ያን የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ።